ብፈታው ፕሮሰሱ ይቋረጣል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነው። በ2013 ዓ.ም. በክብር መዝገብ ተፈራርመን፣ ሁለቱም ቤተሰብ ባለበት ተደግሶ ተጋባን። ባለቤቴ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲቲዝን ነው። ፕሮሰስ የጀመረልኝ በ2015 ነው፤ እስካሁን ኢንተርቪው አልደረሰኝም። የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ከሱ በፊት የወለድኩት የ9 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ ኢሞ ላይ ነበርን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ስልክ አያነሳም፣ ለልጁ የሚልከውም ቆሟል፣ እዚያ ከሌላ ሴት ጋር እንደሚኖር የነገሩኝ የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። አንድ ቀን አግኝቼ ሳናግረው “ከፈታሽኝ ፕሮሰሱን አወጣዋለሁ፣ ልጄንም እወስዳለሁ፣ ቤቱም የኔ ነው” አለኝ። ቤቱ የተሠራው ከተጋባን በኋላ እሱ በላከው ብር ነው፣ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ካርታው ግን በሱ ስም ነው። እናቴና የንስሐ አባቴ ታገሺ ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ “ዝም ብለሽ ሂጂ፣ እዚያ ስትደርሺ ትፈቺዋለሽ” ይሉኛል። ምን ላድርግ?

ገ.፣ ከአባይ ማዶ

መልስ፦ እህቴ ገ.፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ይቋረጣል። የሚስትነት ፕሮሰስ የቆመው በጋብቻው ላይ ነው። ጋብቻው በሕግ ሲፈርስ ፋይሉም አብሮ ይወድቃል። ግን ባልሽ ሦስት ነገር በአንድ ገመድ አስሮ ነው ያስፈራራሽ፤ ፕሮሰሱን፣ ልጅሽንና ቤቱን። በእጁ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱ በሱ ፈቃድ የሚሰጡሽ ወይም የሚነጠቁሽ ነገሮች አይደሉም።

ከፕሮሰሱ እንጀምር። ፎርም አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ያስገባው እሱ ነው። አመልካቹ እሱ፣ ተጠቃሚዋ አንቺ። ስለዚህ ፍቺ ሳይኖርም፣ ዛሬ ማታ ተነስቶ “ማመልከቻዬን አንስቻለሁ” ብሎ ቢጽፍ ፋይሉ ይዘጋል። አንቺን ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ይሄን በደንብ አስቢበት። ብዙ ሴቶች “ፕሮሰሱ እንዳይበላሽ” እያሉ ዓመታት ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ግን ፋይሉን ከምንም አያድነውም። የተከፈለው የማመልከቻ ክፍያም ተመላሽ አይሆንም። ነገ ታርቃችሁ እንደገና ብትጋቡ እንኳ አዲስ ማመልከቻ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ፋይሉ የደረሰበት ደረጃ ውጤቱን አይቀይረውም፣ መንገዱን ብቻ ነው የሚቀይረው። ገና ዩኤስሲአይኤስ ከሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ካልወጣ ፍቺው ሲጸድቅ ማመልከቻው መሠረት ስለሌለው አይጸድቅም። ጸድቆ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማዕከል ወይም አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲ ከተላለፈ ደግሞ ማጽደቂያው በሕግ በራሱ ጊዜ ይሻራል። ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ተለጥፎ፣ ትኬት ተቆርጦ፣ ከመብረርሽ በፊት ፍቺ ቢወሰንስ? ያኔም በዚያ ቪዛ መግባት አይቻልም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከተማው ውስጥ ፎርም የሚሞሉ አንዳንድ ሰዎች “ፍቺውን አትናገሪ፣ ማን ያውቃል?” ይላሉ። ይታወቃል። ዛሬ ባይታወቅ ዜግነት የጠየቅሽ ቀን ይታወቃል። ቪዛ ለማግኘት ብሎ ወሳኝ ነገር መዋሸት በአሜሪካ ሕግ የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል፤ ይቅርታ የሚገኝበት በር ጠባብ ነው፣ ገብተሽ ከተነቃም ወደ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ምክር የሰጠሽ ሰው ያን ቀን አብሮሽ አይቆምም።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ምክር። “ሂጂና እዚያ ትፈቺዋለሽ” የሚሉሽ ሙሉ በሙሉ ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ለብቻ ለብቻ መኖር ብቻውን ጋብቻን አያፈርስም። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን በዋናነት የሚጠይቀው ጋብቻው ሲፈጸም የእውነት ነበር ወይስ ለወረቀት ብለው ነው የሚለውን ነው። ያንቺ የእውነት ነበር፣ ልጅም አለ። ስለዚህ በወረቀት ባለትዳር እስከሆንሽ ድረስ ተኮራርፋችሁ በመኖራችሁ ብቻ ፋይሉ ወዲያው አይሞትም። ግን ኢንተርቪው ላይ ቆንስሉ “ግንኙነታችሁ እንዴት ነው? መጨረሻ ያገኘሽው መቼ ነው?” ብሎ ይጠይቅሻል። ያን ጊዜ “በፍቅር ነን” ካልሽ ውሸት ነው፤ ውሸቱ ደግሞ ያው ከላይ ያልኩሽን እገዳ ነው የሚያመጣው። በዚያ ላይ አይ-864 የሚባል የድጋፍ ሰነድ አለ። ያን ሰነድ ባልሽ መፈረምና የገቢ ማስረጃውን ማያያዝ አለበት። ስልክ የማያነሳ ሰው ይፈርማል ብለሽ ነው? ባይሆን ልንገርሽ፣ ይሄ ሰነድ ቀላል ፊርማ አይደለም። አስመጪው ላመጣት ሚስቱ ያለበት የድጋፍ ግዴታ በፍቺ አይቀርም፤ ዜግነት እስክታገኝ ወይም በሕጉ ስሌት ወደ 10 ዓመት ገደማ ሥራ እስኪቆጠርላት ድረስ ይከተለዋል። ሲፋቱ ፈጥነው ፋይል የሚያነሱ ባሎች አንዱ ምክንያታቸው ይሄ ነው።

ገብታ የምትፈታስ? እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ሴትየዋ ስትገባ ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የምታገኘው የ2 ዓመት ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ነው፤ ሁለቱ አብረው አመልክተው ነው ወደ ቋሚ የሚቀየረው፣ ከተፋቱ ግን ጋብቻው የእውነት እንደነበር በማስረጃ አሳይታ ለብቻዋ ልታመለክት ትችላለች። ጋብቻው 2 ዓመት ካለፈው የምታገኘው የ10 ዓመቱን ካርድ ነው። እሱን ፍቺ ብቻውን አይነጥቃትም። አንቺ ብትገቢ ከሁለተኞቹ ነሽ። ግን ገና አልገባሽም፣ ይሄን ተስፋ ብለሽ እንዳትጠብቂ።

ፍቺው እዚህ እንዴት ይሆናል? የንስሐ አባትሽና ሽማግሌዎች ያስታርቋችሁ ይሆናል፣ ማፋታት ግን አይችሉም። ድሮ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች የፍቺን ነገር ያዩ ነበር። ያ ቀርቷል። ዛሬ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እኛ ክልል ውስጥ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ 213/1992 ነው፤ ሁለቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ። ፍቺ ለመጠየቅ የሱን ጥፋት ማረጋገጥ አይጠበቅብሽም፤ ሌላ ሴት ጋር ይኑር አይኑር፣ የዘመዶቹን ወሬ ይዘሽ ምስክር ማሰለፍ አያስፈልግሽም። ፍርድ ቤቱ አንድ ጊዜ እንድታስቡበት ይጠይቃል፣ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ይህን ጊዜ ከ3 ወር እንዳይበልጥ ይገድበዋል።

አንድ ቁም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ባልሽ የአሜሪካ ዜጋ ስለሆነ በሕግ የውጭ ዜጋ ነው። የውጭ ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት ጉዳይ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ሊባል ይችላል። በኛ ክልል የፌዴራል ጉዳዮች የሚታዩት በሕገ መንግሥቱ በተሰጠ ውክልና በክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ነው። ስለዚህ የጎረቤትሽ ፍቺ በወረዳ ፍርድ ቤት አለቀ ብለሽ አንቺም በቀጥታ ወደዚያ አትሂጂ። ከፋይል መክፈቻው በፊት የትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠበቃ ወይም ሬጅስትራር ጠይቂ። ብዙ ወር ተመላልሶ “ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም” መባል ያበሽቃል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌለሽ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እነሱን አነጋግሪ።

መጥሪያ ላይ ደግሞ እባክሽ አትሸውጂ። “የት እንዳለ አላውቅም” ብሎ በጋዜጣ ማስጠራት የተለመደ ብልጠት ነው። አድራሻውን የምታውቂ ከሆነ ለፍርድ ቤቱ ስጪ። አድራሻው በእጅሽ እያለ ደብቀሽ በሌለበት ብታስፈርጂ፣ እሱ በሰማ ጊዜ መጥሪያ አልደረሰኝም ብሎ ፍርዱን ሊያስነሳ ይችላል። ሌላ ሰው አግብተሽ፣ ምናልባት ሌላ ፕሮሰስ ጀምረሽ ሳለ ያ ፍቺ ቢናጋ ምን ልትሆኚ ነው? እሱ ከተስማማ ግን ነገሩ ይቀላል። ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ይሰጣል፣ ውክልናው ላይ “ለፍቺ” የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ወኪሉ ይቀርባል። ያም ሆኖ ዳኛው ከራሱ አንደበት ልስማ ሊል ይችላል።

አስታውሺ፣ ጋብቻው የሚፈርሰው አቤቱታ ባስገባሽበት ቀን ሳይሆን ፍርድ በተሰጠበት ቀን ነው። ፋይሉም የሚወድቀው ያን ቀን ነው። ከዚያ የውሳኔውን ግልባጭ ይዘሽ ወሳኝ ኩነት ሄደሽ ፍቺውን አስመዝግቢ፣ የምስክር ወረቀት ውሰጂ። ወደፊት ማንም ኤምባሲ ሁለቱንም ይጠይቅሻል።

ወደ ቤቱ እንምጣ፤ እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። “ቤቱ የኔ ነው” ማለት ምን ማለት ነው? ከተጋባችሁ በኋላ የተፈራ ሀብት፣ ካርታው በአንዱ ስም ቢሆንም፣ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። “ብሩን የላክሁት እኔ ነኝ” ማለት አያድነውም፤ በትዳር ውስጥ አንዱ በሥራው ያገኘው ገቢም የጋራ ነው። ሜሪላንድ ኡበር ነድቶ ያመጣው ዶላርም ሆነ አንቺ አባይ ማዶ በፀሐይ ቆመሽ ሲሚንቶ ያስቆጠርሽው፣ ሕጉ ዓይን ፊት እኩል ነው። እኩል ትካፈላላችሁ። የሚቀየረው ቦታውን ከጋብቻው በፊት ገዝቶት ከሆነ ነው፤ ያኔ የቦታውና የግንባታው ነገር ለየብቻ ያከራክራል። ካርታው በወንድሙ ወይም በእናቱ ስም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሥራሽ በጣም ይከብድ ነበር። በሱ ስም መሆኑ ዕድልሽ ነው።

ግን ሳይቃጠል በቅጠል። ሕጉ የጋራ ቤት ያለሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም ቢልም፣ ያላገባ ማስረጃ አውጥቶ በወኪል የሚሸጥ ሞልቷል። ስለዚህ ከፍቺ አቤቱታው ጋር፣ ካልሆነም ከዚያ ቀደም ብለሽ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ እግድ ጠይቂ። የእግዱ ትእዛዝ የከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ድረስ መድረሱን ራስሽ ተከታተዪ። ባንክ የገባልሽን የሐዋላ ደረሰኝ፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የብረትና የሲሚንቶ ደረሰኙን፣ ከሱ ጋር ስለ ቤቱ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ሰብስቢ። ስልክሽን ከመቀየርሽ በፊት የኢሞውን ጽሑፍ ፎቶ አንሺ። በሰው እጅ የመጣ ብር ካለ ያመጣው ሰው ይመስክርልሽ።

ልጅሽን በተመለከተ፣ ባልሽ የተናገረው ማስፈራሪያ ነው፣ ሕግ አይደለም። ልጅ ከማን ጋር ትኑር የሚለውን ፍርድ ቤት የሚወስነው የልጅቷን ጥቅም አይቶ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስም ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትቆይና ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ትችያለሽ። አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፣ ለራስሽ መልሺ፦ ልጅሽ ስትወለድ እሱ ሲቲዝን ነበር? ከነበረና ከዚያ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት አሜሪካ ኖሮ ከሆነ፣ ከዚያም ውስጥ 2ቱ ከ14 ዓመቱ በኋላ ከሆኑ፣ ልጅሽ ስትወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ልትሆን ትችላለች። ኤምባሲው ከ18 ዓመቷ በፊት ያስመዘግባታል። ይሄ ካንቺ ፕሮሰስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ በፍቺም አይነካም። ዜግነቱን ያገኘው ከተወለደች በኋላ ከሆነም ለልጁ የራሷን ማመልከቻ ማስገባት ይችላል፤ አንቺን ቢፈታሽም አባትነቱ አይፈታም። “እወስዳለሁ” ላለው ደግሞ፣ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲወጣ በመርህ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ይጠየቃል። ያንን ፊርማ ካንቺ ሲጠይቅሽ በችኮላ አትፈርሚ። የቀለቡን ፍርድ አሜሪካ ወስዶ ማስፈጸም ቀላል አይደለም፣ አልዋሽሽም። የሱ የቤት ድርሻ ግን እዚሁ ነው ያለው፤ ጠበቃሽ ቀለቡን ከሱ ጋር አያይዞ እንዲጠይቅ ንገሪው።

ትልቁ ልጅሽ ላይ አጭር ነው። የሲቲዝን ሚስት ልጇን በራሷ ፋይል ውስጥ ማስገባት አትችልም፤ ለእንጀራ ልጅ ለብቻው ማመልከቻ ያስፈልጋል። ላንቺ ብቻ ከሆነ ያስገባው፣ ልጁ መጀመሪያውኑ ፋይል የለውም። ካለውም እንጀራ አባቱ ካልፈለገ በተግባር አያልቅም።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ቅደም ተከተሉን እንዲህ ነው የማደርገው፦ መጀመሪያ እግድ፣ ቀጥሎ የልጅቷ ሰነድ፣ ከዚያ ፍቺ። እናትሽ ታገሺ ማለታቸው ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል፤ ጥር ላይ ሐይቁ ዳር ፎቶ ተነስታ ከዚያ ዓመታት በስልክ የቀረች ሙሽራ በዚህ ከተማ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ግን ምን እስኪሆን ነው የምትታገሺው? ፋይሉን ሊዘጋው ከፈለገ ያንቺን ትዕግሥት አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ሚስቴ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ቆየች። ግሪን ካርድ ይዛ ፕሮሰስ ጀምራልኝ ነበር። ከዚያ ተጣላንና በሽማግሌ ፊት ወረቀት ተፈራረምን፣ እሷም በስልክ ተስማማች። አሁን እዚህ ሌላ ማግባት እችላለሁ?

ከዘጌ

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትችልም። የሽማግሌው ወረቀት የስምምነታችሁ ማስረጃ እንጂ ፍቺ አይደለም። ፍርድ ቤት እስኪያጸድቀው ድረስ ባለትዳር ነህ፤ በላዩ ላይ ሌላ ማግባት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስጠይቃል። የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የክብር መዝገብ ብታደርገው ለውጥ የለውም። ያንን ወረቀት ይዘህ የስምምነት ፍቺ አቤቱታ አስገባ፣ እሷም ውክልና ትላክ። ፋይሉ እንደሚዘጋ ግን እወቅ። “ፋይሉ ካለቀልኝ ሄጄ፣ አዲሷን ደግሞ በኋላ አስመጣታለሁ” ብለህ እያሰብክ ከሆነ ተወው። ጋብቻው ሲጀመር ለወረቀት ብቻ የተፈጸመ ነው ከተባለ ወደፊት ማንም የሚያስገባልህ ማመልከቻ እንዳይጸድቅ የሚያደርግ እገዳ አለ።

ጥያቄ፦ ባሌ “አሜሪካ ፍርድ ቤት ፈትቼሻለሁ” ብሎ በኢሜይል ወረቀት ላከልኝ። እኔ ሳልጠራ ይሆናል እንዴ?

ከጎርጎራ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እዚያ ከሁለቱ አንዱ ነዋሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ማፋታት ይችላል፤ የሚፈለገው የነዋሪነት ጊዜ ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ኔቫዳ 6 ሳምንት ነው፣ ሚኒሶታ 180 ቀን። ለተፈቺዋ ማሳወቅ ግን ግዴታ አለበት። ኢሜይል ላይ ያለውን ወረቀት እንዳለ አትመኚው፤ የፍርድ ቤቱን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን አይተሽ ከዚያው ፍርድ ቤት ማኅተም ያለው ግልባጭ አስወጪ፣ እዚያ ያለ ዘመድ ሊያወጣልሽ ይችላል። መጥሪያ ሳይደርስሽ የተወሰነ ከሆነ እዚያው አገር ፍርዱን መቃወም ይቻላል፣ የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዪ። ፍርዱ እዚህ አገር እንዲታወቅና እንዲፈጸም የሚጠየቀው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ስር ነው። ጎርጎራ ያለው ቤትና ቦታ ግን ሜሪላንድም ሆነ ኔቫዳ በተጻፈ ወረቀት አይከፋፈልም፤ የንብረቱን ክርክር እዚሁ ክፈቺ።